«አለቃው ማን እንደሆነ ላሳየው ብዬ ተነከስኩ»

ጥያቄ፦

ሰላም እህት ዓለም። ዓምድሽን ሁሌ አነበዋለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ነብሮ የሚባል ውሻ አለን። ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ የአራት ወር ቡችላ ሆኖ ነው የመጣልን። ጸባዩ ግሩም ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሲበላ ከተጠጋሁት ያጉረመርምብኛል። አንድ ቀን ደግሞ የአምስት ዓመት ልጄ ኳሱን ልታነሳ ስትል አጉረመረመባት። ብዙ ውሻ ላሳደገ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። «ውሻ ማለት ተኩላ ነው፣ በተፈጥሮው ተናካሽ ነው። ንቆሃል። አለቃው ማን እንደሆነ ካላሳየኸው ቤቱን ይረከብሃል» አለኝ። በጀርባው ገልብጠህ እስኪረታ አንገቱን ያዘው፣ እየበላ ሳህኑን ንጠቀው፣ ካንተ በፊት አይብላ፣ በር ላይ አይቅደምህ፣ ገመድ ስትጓተቱ አያሸንፍህ አለኝ። ሁሉንም አደረግኩ። ሁለት ሳምንት ጸጥ አለ። ተስተካከለ ብዬ ደስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሳህኑን ላነሳ እጄን ስሰድ ግን ምንም ሳያጉረመርም ነከሰኝ። ሁለት ጥርሱ መዳፌ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ «ይሰጥ» ትላለች። ባልደረባዬ ደግሞ ገና አልጠነከርክበትም፣ ሶፋ ላይ ማስተኛታችሁም ነው ያባለገው ይላል። እውነት ውሻ በተፈጥሮው ክፉ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ለውሻ የማልሆን ልፍስፍስ?

እጁ በፋሻ የተጠቀለለው

መልስ፦

ወንድሜ፣ ነብሮን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ የእጅህን ነገር እንጨርስ። በፋሻ ተጠቅልሏል አልክ እንጂ ሐኪም አይቶታል አላልክም። ውሻ የነከሰው ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠብ አለበት። ሰዓት ካልያዝክ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው የምታቆመው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ሳምንት ስላለፈው «በቃ አልፏል» እንዳትል፣ ዛሬውኑ ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት ከተወሰደ ያድናል። ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የነብሮ የክትባት ወረቀት ካለ ይዘኸው ሂድ። ስለ ቲታነስም ይጠይቁሃል። ውሻውም ከነከሰህ ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ደህንነቱ እየታየ መጠበቅ አለበት፣ ስለዚህ የባለቤትህ «ይሰጥ» ቢያንስ እስከዚያ ይቆይ።

ሄደህ ተመለስክ? እሺ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አጭሩን መልስ ከፈለግክ፣ ነብሮ የነከሰህ እሱ አንተን ስለፈራ ነው። ረጅሙ መልስ ትንሽ ያሳፍርሃል፣ ግን እኔም አፍሬበት ስለማውቅ አብረን እናፍራለን።

ነገሩን ከነብሮ በኩል አስበው። አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ሰው ሲመጣ ይሰማዋል። ሥጋ የሚወድ እንስሳ ነው፣ ይሄን ሥጋ ሊወስዱብኝ ይሆን ብሎ ሰጋ። ሰው ቢሆን «ተው እንጂ፣ ልብላበት» ይል ነበር። ውሻ ይሄን የሚልበት አንድ ቋንቋ አለው፣ ማጉረምረም። ስድብም ዛቻም አይደለም፣ ልመና ነው ማለት ይቀላል። አንተ ምን አደረግክ? ሳህኑን ነጠቅከው። ማለትም ስጋቱ ልክ እንደነበር በራስህ እጅ አረጋገጥክለት። ከዚያ ደግሞ በጀርባው ገለበጥከው፣ አንገቱን ያዝክ። ይሄን አንዴ ሁለቴ ሳይሆን ለሳምንታት።

ነብሮ ከዚህ ምን ተማረ? «አለቃዬ እሱ ነው» የሚል ነገር አልተማረም። የተማረው ሁለት ነገር ነው። ይሄ ሰውዬ ሳህኔ ጋ ሲመጣ ክፉ ነገር ይከተላል። ሳጉረመርም ደግሞ ይብስብኛል።

ስለዚህ ማጉረምረሙን ተወው። አንተ «ጸጥ አለ፣ ተስተካከለ» ያልካቸው ሁለት ሳምንታት እኔን ከንክሻው በላይ ያስፈሩኛል። ስጋቱ እዚያው ነበር፣ የጠፋው ድምፁ ብቻ ነው። ያኔ ጎንበስ ብለህ አይተኸው ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይነግርህ ነበር። ሳህኑ ላይ አንገቱን ደፍቶ ድርቅ ይላል። መብላቱን ያቆማል ወይም ሳያኝክ ይውጣል፣ በሁለት ጉርሻ ሊጨርሰው። ጭንቅላቱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ወዳንተ ያዞራል፣ ነጩ ከጎን በኩል እንደ ጨረቃ ቁራጭ ይታያል። አፉ ግጥም ይላል። አንዳንዴ ምንም ሳይቀምስ ከንፈሩን ይልሳል፣ ወይም እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ይሄ ሁሉ ንግግር ነው። ሰው ግን የሚሰማው ድምፅ ያለውን ብቻ ነው። «ውሻዬ ድንገት ነከሰኝ» የሚሉኝን ሰዎች ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ድንገት የሆነው ብዙ ጊዜ ለእነሱ ብቻ ነው።

የኔን ልንገርህ። ዳማ የምትባል ውሻ ነበረችኝ፣ ድሮ፣ ይሄን ሥራ ከመጀመሬ በፊት። ጭንቅላቷን ስነካት ታጉረመርም ጀመር። እኔም እንዳንተ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ሰምቼ በጀርባዋ ገልብጬ ያዝኳት። አልታገለችም። ዓይኗን አንድ ቦታ ተክላ ቀረች፣ ጅራቷን እግሮቿ መሃል ወሸቀች፣ ሽንቷ አመለጣት። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው ያመኛል፣ «ረታሁ» ብዬ ተነሳሁ። ከአራት ቀን በኋላ ለሌላ ጉዳይ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ የግራ ጆሮዋን ገለጥ ሲያደርገው ሽታው እኔ እስከቆምኩበት ድረስ መጣ፤ ውስጡ ቀልቷል፣ ጥቁር ቡናማ ቆሻሻ ሞልቶታል። ጆሮዋን ነበር ያመማት። ጭንቅላቷን ስነካት «ያመኛል» ነበር የምትለኝ። ከመድኃኒቱ በኋላ ማጉረምረሙ በሳምንት ውስጥ ጠፋ፣ ግን እጄን ከፍ ሳደርግ ማጎንበሷ እስክትሞት ድረስ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም።

ይሄን የማወራህ እንባህን ለማምጣት አይደለም። ለነብሮ የመጀመሪያው ሥራህም ይሄው ስለሆነ ነው። ጸባዩ ግሩም የነበረ ውሻ በሁለት ወር ውስጥ ከተለወጠ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ፣ መገጣጠሚያ። ጥርሱን የሚያመው ውሻ ሲበላ ሊያጉረመርም ይችላል፣ ልክ እንደ ነብሮ። በህመም ላይ ያለን እንስሳ በጸባይ ትምህርት አታድነውም።

አሁን ባልደረባህ ስላለው ስለ ተኩላው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ የነገረህን ነገር ዓለም በሙሉ ሲያወራው ነው የኖረው። ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ አለብህ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ መልስ ነው። በ1947 (በፈረንጆቹ) ሩዶልፍ ሼንክል የሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በባዝል የእንስሳት ማቆያ የነበሩ ተኩላዎችን አጥንቶ ጻፈ። እነዚያ ተኩላዎች በጠባብ ግቢ የታጎሩ ነበሩ። ይጣሉ ነበር፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ሲታገሉ ይውሉ ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይሄን ሐሳብ ይዞ ገባ፣ መጽሐፉም በጣም ተነበበ፣ የመንጋ አለቃ ለማለት የሚነገረው «አልፋ» የሚለው ቃልም በየቦታው ተሰራጨ። ተኩላ አለቃ ካለው ውሻም አለቃ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ አንተ አለቃ ሁን። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው የተቀጠለው።

ደስ የሚለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሜች ራሱ ከ1986 ጀምሮ በካናዳ ሰሜን ጫፍ በኤልስሚር ደሴት በየበጋው እየሄደ የዱር ተኩላዎችን በቅርብ ማየት ጀመረ። ያየው ግን ሌላ ነገር ነበር። የተኩላ መንጋ የሚባለው በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው። ቤተሰብ! ወላጆቹ ይመራሉ፣ ልጆቹ ይከተላሉ፣ ሲያድጉ የራሳቸውን ጎጆ ለመውጣት ይሄዳሉ። በጡጫ ሥልጣን የያዘ ንጉሥ የለም። ሜች በ1999 ይሄንኑ ጽፎ «አልፋ» የሚለው ቃል ለተራ የተኩላ ቤተሰብ አይሆንም አለ። የራሱ መጽሐፍ መታተሙ እንዲቆምም አሳታሚውን ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ በመጨረሻ በ2022 ቆመለት። ሰው የራሱን መጽሐፍ ከገበያ አውጡልኝ ብሎ ሲለምን አስበው። እኔ ኮፍያዬን ነው የማነሳለት። የሱን የድሮ ሐሳብ የያዙት የውሻ አሰልጣኞች ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ደግሞስ ነብሮ ተኩላ ነው እንዴ? ውሻና ተኩላ ከተለያዩ ቢያንስ 15 ሺህ ዓመት ሆኗል። ባለቤት የሌላቸው ውሾችን ብታይ እንኳ ብዙዎቹ የሰው ትራፊ እየለቀሙ የሚኖሩ ናቸው፣ እንደ ተኩላ ተደራጅተው ትልቅ አውሬ የሚያድኑ አይደሉም። ስብስባቸውም ላላ ያለ ነው፣ ዛሬ አብሮ የዋለው ነገ ሌላ ጋ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነብሮ አንተ ውሻ አለመሆንህን ያውቃል። እንኳን ውሻ፣ ማንም ያውቃል።

«የበላይነት» የሚባል ነገር በእንስሳት ዓለም ጭራሽ የለም እያልኩህ እንዳይመስልህ። አለ። የጸባይ ተመራማሪዎች ቃሉን የሚጠቀሙበት ሁለት እንስሳት አንድን ነገር ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ ማን እንደሚያገኘው ለመግለጽ ነው። ስለ ግንኙነት የሚነገር ቃል ነው። «ይሄ ውሻ የበላይ መሆን የሚወድ ነው» ብለህ እንደ ፀጉር ቀለም የምትለጥፍበት ጸባይ አይደለም። አጥንት ላይ ማንንም የማያስጠጋ ውሻ በር ላይ ለትንሿ ድመት መንገድ ይለቃል። ታዲያ አለቃው ማነው?

ውሻ በተፈጥሮው ክፉ ነው ወይ ላልከው ደግሞ፣ ጥርስ ያለው ሁሉ መናከስ ይችላል። ነብሮም፣ በጣም ጨዋ የምትለው የጎረቤት ውሻም፣ እኔም ብትጨቀጭቀኝ። ዝንባሌ በዘር ይወረሳል፣ ይሄን አልክድም፤ ከፈሪ እናት ፈሪ ቡችላ ቢወለድ አይገርምም። ግን «የዚህ ዘር ውሻ ክፉ ነው፣ የዚያ ዘር ደግ ነው» የሚለውን በጥርጣሬ ስማው። በ2022 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት የወጣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት ነበር። በውሾች መካከል ከሚታየው የጸባይ ልዩነት ዘራቸው የሚያስረዳው 9 በመቶ አካባቢውን ብቻ ሆኖ ነው የተገኘው። ሌላው የእያንዳንዱ ውሻ የራሱ ውርስ፣ አስተዳደጉ፣ የደረሰበት ነገር ነው። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ የሚያየው ነገር በተለይ ከባድ ቦታ አለው። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ሌላ ውሻ፣ የመኪና ድምፅ በደህና ያየ ቡችላ ሲያድግ ብዙ ነገር አያስደነግጠውም። ነብሮ በአራት ወሩ ነው የመጣላችሁ። ያ መስኮት ከተዘጋ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከማን ጋር፣ ከስንት ወንድምና እህት ጋር አንድ ሳህን ላይ እየተጋፋ እንደበላ አታውቅም። ምናልባት ሳህን ላይ መስጋትን ይዞት የመጣ ነው፣ ምናልባት አይደለም። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ያንተ ድርሻ ከአሁን በኋላ ያለው አያያዝ ነው።

«ገና አልጠነከርክበትም» ስላለህ አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች በጸባይ ችግር ወደ እነሱ የመጡ የ140 ውሾችን ባለቤቶች ምን ምን እንዳደረጉና ውሻው ምን እንደመለሰ ጠየቁ። ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት መካከል 43 በመቶው ውሻው መልሶ ተቆጣ ወይም ሊናከስ ቃጣ አሉ። እንዳንተ በጀርባው ገልብጠው ከያዙት 31 በመቶው። ዓይን ዓይኑን አፍጥጠው ካዩት እንኳ 30 በመቶው። እነዚህ ቀድሞውኑ ችግር ያለባቸው ውሾች ነበሩ፣ ልክ ነው፤ የነብሮም ጉዳይ ግን ከነሱ ወገን ነው። ማለትም ባልደረባህ እሳት ላይ ቤንዚን ጨምር ነው የሚልህ፣ አልጠፋ ሲል ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል።

ልፍስፍስ ነኝ ወይ? አይደለህም። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ አንድ ነገር ሳታቋርጥ መሥራት የቻለ ሰው ልፍስፍስ አይባልም። ያንኑ ትጋት ወደ ሌላ ነገር ነው የምናዞረው።

ከዛሬ ጀምሮ የሚቆሙ ነገሮች አሉ። መገልበጥ የለም። ሳህን መንጠቅ የለም። ካፉ ላይ በጉልበት ማስለቀቅ የለም። ሲያጉረመርም መቆጣት የለም፤ ካጉረመረመ ደስ ይበልህ፣ ድምፁ ተመለሰ ማለት ነው። ቀስ ብለህ ራቅና ምን እንደነበር አስብ፦ ምን ይዞ ነበር፣ ማን ተጠጋው፣ ስንት እርምጃ ላይ ጀመረ? በማስታወሻ ጻፈው። ለምትሄድበት ሐኪም ወይም አሰልጣኝ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ምግቡን ለብቻው ክፍል፣ በር ተዘግቶ ይብላ። ጨርሶ ከወጣ በኋላ ሳህኑን ታነሳለህ፣ እሱ ሌላ ክፍል ሆኖ። አጥንትና ሌላ በጣም የሚወዳቸውን ነገሮች ለጊዜው ከቤት አጥፋ። ሰዎች ይሄን ስነግራቸው «ታዲያ እስከ መቼ ልንፈራው ነው?» ይሉኛል። ፍርሃት አይደለም። አንተም እየበላህ አንድ ሰው ጉርሻህን እየነካካ ቢቆም ደስ አይልህም።

ሐኪሙ ጤነኛ ነው ካለህና ሁለት ሳምንት በሰላም ከበላ በኋላ ሥራውን ትጀምራለህ። ተራ ምግቡን፣ በጣም የማያጓጓውን ዓይነት፣ በሳህኑ አድርግለት። አንተ ደህና ራቅ ብለህ ቁም፤ ነብሮ ጭራሽ ግድ የማይሰጠው ርቀት ላይ፣ ሦስት ሜትር ይሁን አምስት እሱ ነው የሚወስነው። ከዚያ ከሳህኑ የሚሻል ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ዶሮ ቁራጭ፣ ወደ ሳህኑ አቅራቢያ ወርውርና ተመለስ። ሂድ። አትቁም፣ አታናግረው፣ አታባብለው። ሰውዬው መጣ፣ ዶሮ ወደቀ፣ ሰውዬው ሄደ። በቃ ትምህርቱ ይሄ ነው። በአንድ ምግብ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየቀኑ። ከጥቂት ቀን በኋላ የእግርህን ኮቴ ሲሰማ ቀና ብሎ ጅራቱን እየቆላ፣ ሰውነቱ ላላ ብሎ «ዶሮው የት አለ?» በሚል ዓይን ካየህ ግማሽ እርምጃ ትቀርባለህ። ድርቅ ካለ፣ ፈጥኖ መዋጥ ከጀመረ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየህ ቸኩለሃል፣ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ጅራት ብቻውን እንዳያታልልህ ደግሞ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ የሚንቀሳቀስ ጅራት የደስታ አይደለም። ሙሉ ሰውነቱን እይ። ይሄ ነገር ሳምንታት ይወስዳል። አሰልቺ ነው። እጅ ወደ ሳህን ማስገባት የሚባለው ነገር ደግሞ ጭራሽ ባይመጣም ምንም አይቀርብህም፣ እኔ በግሌ ግብ አድርጌው አላውቅም።

ጎን ለጎን «ልቀቅ» የሚለውን አስተምረው። የማያጓጓ አሻንጉሊት ሲይዝ አፍንጫው አጠገብ የሚጣፍጥ ነገር ታስጠጋለህ። አሻንጉሊቱን ሲለቅ «ልቀቅ» ብለህ ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ አሻንጉሊቱን መልሰህ ትሰጠዋለህ። መልሰህ መስጠቱን አትርሳ፣ ዋናው እሱ ነው። ለነብሮ መልቀቅ ማለት ማጣት መሆኑ ይቀራል። አንድ ቀን መድኃኒት ወይም የተሰበረ ብርጭቆ አፉ ውስጥ ሲያስገባ ይሄ ቃል ያስፈልግሃል፣ ያኔ መታገል አትፈልግም።

የአፍ መሸፈኛም አለማምደው፣ የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ቅርጫት የመሰለውን፤ አፉን ከፍቶ መተንፈስና ውሃ መጠጣት የሚያስችለውን። ውስጡ ምግብ እያደረግክ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ አድርግ እንጂ ይዘህ አታጥልቅበት። ሐኪም ጋ ስትወስደው ለሁላችሁም ይጠቅማል።

ልጅህ። እዚህ ላይ ትንሽ ድምፄን ከፍ ላደርግ ነው፣ ይቅርታ። ከላይ ካልኩህ ልምምድ ውስጥ እሷ አንዱንም አትሠራም። ዶሮውን እሷ ትወርውር የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብህ። ሕፃናትን ብዙ ጊዜ የሚነክሰው የሚያውቁት ውሻ ነው፣ የመንገዱ አይደለም። አዋቂ ሰው ዓይኑን ጥሎባቸው ካልሆነ ነብሮና እሷ አንድ ክፍል ውስጥ አይሆኑም። ዓይን መጣል ስልህ ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ መቀመጥ ማለቴ አይደለም። ሽንት ቤት ስትገባ በመካከላቸው ያለውን በር ዘግተህ ነው፣ ወይ ውሻውን ይዘህ ነው፣ ወይ ልጅቷን ይዘህ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ነገር ልትይዝ ትችላለች፦ ነብሮ ሲበላ አልሄድም፣ ሲተኛ አልነካውም፣ አፉ ውስጥ ያለውን አልወስድም። አንገቱን ማቀፍም ይቅር፤ እኛ ፍቅር የምንለው ለብዙ ውሾች መታነቅ ነው። ኳሷን ከወሰደባት ወደ አንተ ትምጣ፣ አንተ ለዋውጠህ ታመጣላታለህ።

እኔ ከሩቅ ሆኜ፣ አንዲት ደብዳቤ አንብቤ ነው የምጽፍልህ፤ ነብሮ ደግሞ ሥጋ ቆርጦ ነክሷል። ስለዚህ ሐኪሙ ካየው በኋላ በጸባይ ላይ የሚሠራ ሰው ቤት መጥቶ ቢያይልህ ጥሩ ነው። ስትመርጥ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «ውሻው ቢሳሳት ምን ታደርጋለህ?» በል። የሚያንቅ ሰንሰለት፣ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ፣ «አለቃነት» የሚሉ ነገሮች ከመጡ አመስግነህ ሸኘው።

«ይሰጥ» ያለችው ባለቤትህም ዝም ተብላ መታለፍ የለባትም። እናት ናት፣ ልጇን ነው የምታስበው። በራችሁ አይዘጋም ከተባለ፣ ቤታችሁ ውሻና ሕፃን ለመለየት የማይመች ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ነብሮ ምግብ በሌለበትም ልጅቷን ማፍጠጥ ከጀመረ፣ ሕፃን የሌለበት ቤት መፈለግ ነውር የለበትም። ብቻ ለሚወስደው ሰው መናከሱን አትደብቅ። «ጸባየ ሸጋ ነው» ብለህ ሰጥተኸው ሌላ ሰው እጁን ቢጠቀልል ያንተ ነው ኃጢአቱ። አሁን ባለው ሁኔታ ግን፣ የሚያጉረመርመው በያዘው ነገር ላይ ብቻ ከሆነና ልምምዱን ከሠራህ፣ እንዲህ ያሉ ውሾች ብዙ ጊዜ ሲሻሻሉ አይቻለሁ። ሙሉ በሙሉ ይለቀዋል ብዬ አልፈርምልህም። ሲበላ በሩ የሚዘጋበት ውሻ ሆኖ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፣ ያ ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነገር ነው።

የቀሩትን የባልደረባህን ሕጎች በአጭሩ። ቀድመህ መብላትህ ለነብሮ ምንም አይነግረውም፣ ሲርብህ ብላ። በር ላይ እንዲጠብቅ ማስተማር ጥሩ ነው፣ ግን መኪና ስላለ ነው፤ ቁጭ ሲል በሩ ይከፈታል፣ ቁጭ ካላለ አይከፈትም፣ ያለ ጩኸት ይገባዋል። ሕግ ይኑር፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ውሻን የሚያረጋጋው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቁ ነው። ገመድ መጓተቱን ደግሞ አሸንፈው፣ ተሸነፍለት፣ እንደፈለግክ። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ጎልደን ሪትሪቨር የሚባለው ዘር 14 ውሾችን ገመድ እያስጎተተ፣ አንዳንዴ እያሸነፉ አንዳንዴ እየተሸነፉ አይቷቸው ነበር፤ በማሸነፋቸው የነገሠ ውሻ አልተገኘም። ለነብሮ ግን ይሄ ጨዋታ «ልቀቅ» የሚለውን እስኪያውቅ ይቆየው።

ሶፋው። ከሶፋ ውረድ ስትለው ካላጉረመረመ ሶፋ ላይ መተኛቱ አላባለገውም፣ ይመቸዋል ብቻ። ካጉረመረመ በእጅህ አትጎትተው፤ ወለሉ ላይ አንድ ቁራጭ ዶሮ ጣል፣ ራሱ ይወርዳል፣ ከዚያ ለጥቂት ወር የራሱን ፍራሽ ሶፋው አጠገብ አንጥፍለት። ከዚያ በተረፈ ይውጣ አይውጣ የሚለው ያንተና የባለቤትህ ጉዳይ ነው። ፀጉሩን ማን እንደሚጠርግ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።